«ቤቴ ላስገባው ወይስ ወደ አገሩ ልላከው?»

ደብዳቤው

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ከቃሊቲ መናኸሪያ አቅራቢያ አነስተኛ ቁርስ ቤት አለኝ። ከመስከረም ጀምሮ ሦስት ልጆች ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ይመጣሉ፤ የተረፈውን እሰጣቸዋለሁ። ሁለቱ ትንሽ አስቸጋሪ ናቸው። ሦስተኛው አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ከወላይታ እንደመጣ ነግሮኛል፤ አማርኛው ገና አልጠራም። ሌሎቹ ሲሻሙ እርሱ ዳቦውን ግማሹን በልቶ ግማሹን ሸሚዙ ውስጥ ይከታል። «እትዬ» ይለኛል፤ ማንም ሳያዘው ደጃፌን ይጠርጋል። ልቤ ወደደው።

ባለፈው ወር ማስቲሽ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ሲስብ አገኘሁት። ደንግጬ ጮኽኩበት፤ ጠርሙሱንም ቀምቼ ጣልኩት። ሮጦ ጠፋ። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሲመለስ ራሱ ላይ ቁስል ነበረው፤ ምን እንደነካው ግን አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ወደ ቤቴ ልወስደው አስቤ ለባለቤቴ ባማክረው «አበበች ጎበና ልትሆኚ ነው ወይ?» ብሎ ተቆጣ። ሁለት ሴት ልጆች አሉን። ጎረቤቶቼ «አንቺ ነሽ ያስለመድሻቸው» ይሉኛል። አንድ ሹፌር ደንበኛዬ «ሶዶ ስሄድ ጭኜ ላድርስልሽ» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ዕቃ እያጠበ ይብላ፤ ጓዳ ይደር» ትላለች። እኔ የቱን ልስማ?

ባለ ቁርስ ቤቷ፣ ከቃሊቲ

መልስ

እኅቴ፣ አጭሩ መልሴ «ገና ነው» የሚል ነው። ቤትዎ ማስገባቱም ገና ነው፤ ወደ ሶዶ መላኩም ገና ነው። ነገሩ አያስቸኩልም ማለቴ አይደለም። ክረምቱ በደጅ ነው፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በዝናብ በረንዳ ላይ ማደር የለበትም። ነገር ግን በዚህ ልጅ ሕይወት ላይ እስከ አሁን ትልልቅ ሰዎች ሳይጠይቁት ወስነዋል። እርስዎም በደግነት ተነሣሥተው ያንኑ እንዳይደግሙበት ነው የምፈራው።

አስቀድሜ ግን ስላደረጉት ነገር ልናገር፤ ትልቅነቱ የገባዎት አልመሰለኝም። «ጠዋት ጠዋት» ብለው በሁለት ቃል አለፉት። ጎዳና ላይ ያለ ልጅ ማታ የት እንደሚተኛ፣ ማን እንደሚመታው፣ ያገኛትን ሳንቲም ማን እንደሚወስድበት አያውቅም። በዚያ ሁሉ መካከል በሩ በሰዓቱ የሚከፈት አንድ ቤት፣ ፊቷ የማይለዋወጥ አንዲት ሴት አለች። ጮኸውበት ሮጠ፤ ቆስሎ ግን የመጣው ወደ እርስዎ ነው። ይህ ልጅ በዚያ ሳምንት የሚሄድበት ሌላ ቦታ ቢኖረው ኖሮ እርስዎ ዘንድ ባልተመለሰ ነበር። ከጎዳና ወጥተው ራሳቸውን የቻሉ ልጆች ታሪካቸውን ሲናገሩ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ይጠራሉ፤ ባለሱቅ፣ ዘበኛ፣ መምህር፣ ቡና የምትሸጥ ሴት። ያ ሰው ሀብታም አልነበረም፤ በተፈለገ ጊዜ የሚገኝ ሰው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የማሳስብዎ ይህን የያዙትን ነገር እንዳያበላሹት ነው። ለቅሶ ወይም ሠርግ ኖሮብዎ ቤቱን የሚዘጉ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩት፤ «ነገ የለሁም፤ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ» ይበሉት፤ ባሉትም ቀን ይገኙ። የማይፈጽሙትን ቃል አይስጡት። «ትምህርት ቤት አስገባሃለሁ» የሚለውን ቃል ብዙዎቹ ልጆች ከአገራቸው ሳይወጡ ሰምተውታል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ወይም ደላላ ወላጆቻቸውን ያሳመነበት ቃል ነውና።

ከቻሉ ደግሞ ትራፊውን በፌስታል መስጠቱን ይተዉት። ልጆቹ «ቡሌ» የሚሉትን የሆቴል ትራፊ ከየበሩ ለምነው ይበላሉ፤ እርሱን ለማግኘት እርስዎ አያስፈልጉም። እጁን የሚታጠብበት ውኃ፣ የሚቀመጥበት ዱካ፣ በሳህን የቀረበ ትኩስ ፍርፍር፣ በስሙ መጠራት፤ ይህ ከዕለት ወጪዎ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ለእርሱ ግን በቀን ውስጥ እንደ ሰው ልጅ የሚታይበት ብቸኛ ሰዓት ሊሆን ይችላል። «ሳሮ» ብለው በወላይትኛ ሰላም ቢሉት ደግሞ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያያሉ። ሌሎች ቃላትንም እርሱ ያስተምርዎ። እርስዎ የማያውቁትን የሚያውቅ ልጅ መሆኑን ይቅመሰው።

ስለ ዳቦው ልመለስ። ግማሹን መሸጎጡ ልብዎን እንደነካው ጽፈዋል። ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሲርበው የኖረ ልጅ ጠግቦ እንኳ ለማታ ያስቀምጣል፤ ነገ ስለመብላቱ እርግጠኛ መሆንን ሰውነቱ አልለመደም። ወይም ደግሞ ዳቦው የሚደርሰው ሌላ ሰው አለ፤ ታናሽ ወንድም፣ የታመመ ጓደኛ፣ አለዚያም ማታ ማታ «ድርሻዬን» የሚለው ትልቅ ልጅ። አሁን አይጠይቁት። «ይህ የአሁን፣ ይህ የማታ ነው» ብለው ሁለት ዳቦ ይስጡት፤ በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ማታውን ለማን እንደሚወስድ ራሱ ይነግርዎታል። የልጁን ኑሮ የሚያውቁት ከዚያ መልስ ነው፤ ከየትኛውም መጠይቅ ይልቅ።

ለጎረቤቶችዎ የምመልሰው አጭር ነው። እነዚህን ልጆች ጎዳና ያስለመዳቸው የእርስዎ ዳቦ አይደለም። ወላይታ ሕዝቡ እጅግ ከተጠጋጋባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው፤ አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት በየትውልዱ እየጠበበ ሄዶ ብዙ ቤተሰብ ዘንድ ከጓሮ የማይበልጥ ሆኗል። በዚያ ላይ የወላጅ ሞት ወይም ፍቺ ሲጨመር፣ የእንጀራ እናት ወይም የእንጀራ አባት ፊት ሲነሣ፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ከከተማ የመጣ ደላላም ሲያባብል ልጅ ይወጣል። ጎዳና ላይ ከምናያቸው ልጆች ብዙዎቹ ቀን ሠርተው ማታ ቤተሰባቸው ዘንድ የሚገቡ ናቸው፤ እዚያው የሚያድሩት ሌሎች ናቸው። የሁለቱ ችግር አንድ ስላልሆነ መፍትሔውም አንድ አይሆንም። የእርስዎ ልጅ ማደሪያው የት እንደሆነ ገና አላወቁም፤ ከሰው ጋር በኪራይ ቤት ተዳብሎ የሚያድር፣ የሚያሠራው «አለቃ» ያለው ሊስትሮ ወይም ሎተሪ አዟሪም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ የሚወስዱት እርምጃ ልጁን ለዱላ ሊዳርገው ይችላል።

አሁን ወደ ማስቲሹ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የሕይወት ጉዳይ ነውና።

ማስቲሽ ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማጣበቂያ ነው። ቶሉይንን የመሳሰሉ ፈጥነው የሚተኑ ኬሚካሎች በውስጡ ይገኛሉ። ሲሳብ በደቂቃ ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ረሃቡ ይደበዝዛል፣ ብርዱ ይጠፋል፣ ፍርሃቱም ይርቃል። ልጁ የሚስበው ዱርዬ ስለሆነ አይደለም። ሌሊቱ ስለማይነጋለትና ጓደኞቹ ስለሚስቡ ነው፤ እምቢ ያለ ልጅ ከቡድኑ ሊገለል ይችላል፤ ጎዳና ላይ ብቻውን የሚተኛ ልጅ ደግሞ የማንም መጫወቻ ይሆናል። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ሲቆይ የማስታወስ ችሎታን ይቀንሳል፤ አረማመድን ያዛባል፤ ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህን ነው፤ ኬሚካሉ ልብን ስለሚያውክ፣ እየሳበ ያለ ልጅ ድንገት ሲደነግጥ ወይም ተባሮ ሲሮጥ የልብ ምቱ ተዛብቶ በዚያው ሊሞት ይችላል። ይህን የምጽፈው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ ጠርሙሱን የቀሙት ስለሚወዱት ነው። ከዚህ በኋላ ግን ሲስብ ቢያገኙት አይጩኹበት፣ አይቀሙት፣ ማንም እንዲያባርረው አይፍቀዱ። በለሰለሰ ድምፅ ስሙን ጠርተው ነፋስ ወዳለበት ያስቀምጡት። ከምድጃዎ ያርቁት፤ ማስቲሽ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኝተው በቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ንግግሩን ለማግስቱ ጠዋት ያቆዩት፤ ሲነቃ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። «እኔ ደጃፍ ማስቲሽ አይገባም፤ ምግብህ ግን ሁልጊዜ አለ» ይበሉት። ሁለቱን አያያይዟቸው። «ከሳብክ አላበላህም» የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ። የተራበ ልጅ የበለጠ ይስባል፤ እርስዎንም ያጣል። ከዚያ ሌሊቱን እንዲያልፍ የሚረዳውን ነገር ያስቡ። ብርድ ልብስ ቢሰጡት ትልልቆቹ ይቀሙታል፤ ስለዚህ ጠዋት እርስዎ ዘንድ አስቀምጦ ማታ ይውሰደው። ያኔ የእርሱ ብቻ የሆነ ዕቃ እርስዎ ቤት ይኖረዋል ማለት ነው። ማስቲሹ በምክር ብዛት አይቆምም። እየቀነሰ የሚሄደው ሆዱ ሲሞላ፣ ማደሪያው ሲስተካከል፣ ቀኑም የሚያስደስተው ነገር ሲኖረው ነው፤ ሁለት ጊዜ ትቶ ሦስተኛ ጊዜ ቢጀምር «አልቆለታል» ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ።

ስለ ቁስሉም አደራ። ከአፈር ጋር የተነካካ የራስ ቁስል ነው፤ እስከ አሁን ጤና ጣቢያ ካልሄደ ይውሰዱት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠይቁለት። «ማን መታህ?» ከማለት ይልቅ «ያምሃል?» ይበሉት። ዝምታውን ያክብሩ። ነገር ግን ዓይንዎን ይክፈቱ፤ ሲቀመጥ የሚያመው ከሆነ፣ ከአንድ ሰው ስም ወይም ድምፅ የሚሸሽ ከሆነ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶበት ሊሆን ይችላል። በአገራችን «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል» እየተባለ ስንቱ ልጅ ሆድ ይፍጀው ብሎ ቀርቷል! እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካደረብዎ አይዘግዩ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የፖሊሱን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ ልጁ ታሪኩን ከቢሮ ቢሮ እየዞረ እንዳይደጋግም ተብሎ የተቋቋመ ነው።

ገንዘብ በእጁ አይስጡት፤ ለልጁም ለእርስዎም አይበጅም። በእጁ ያለው ብር ሲመሽ የትልልቆቹ ነው፤ ከተረፈም ማስቲሽ ይገዛበታል። ሠርቶ የሚያገኘው ካለ ግን «እትዬ፣ አስቀምጪልኝ» ሊልዎ ይችላል፤ ልጆቹ ለሚያምኑት ባለሱቅ ያደርጉታል። ሊስትሮዎች ዕቁብ እንደሚጥሉ ያውቁ ይሆናል። እንዲያ ካለዎት በአንድ ደብተር ላይ ስሙን ጽፈው ያገባውን ያወጣውን እርሱ እያየ ያስፍሩ። አንዲት ብር እንዳትጎድል። ቁጥር የሚማረው በዚያ ደብተር ላይ ነው፤ ሰውን ማመንም እንደዚሁ።

ጓደኛዎ «ዕቃ እያጠበ ይብላ» ማለቷ ከመጥፎ ሐሳብ የመነጨ አይመስለኝም፤ ግን አይቀበሏት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ደመወዙ በብር ይሁን በምሳ ለውጥ የለውም። ሕጉ ባይኖር እንኳ ነገሩ ልክ አይሆንም። ዳቦው ከዕቃ እጥበቱ ጋር በተያያዘ ማግስት እርስዎ ከአለቆቹ አንዷ ይሆናሉ። አሁን ደጃፍዎን የሚጠርገው ወዶ ነው፤ ያመስግኑት እንጂ ግዴታ አያድርጉበት፤ ባልጠረገ ቀንም እኩል ያብሉት። ከሌሎቹ ልጆች መካከል 15 ዓመት የሞላው ካለ ለእርሱ ሥራ መፈለግ ይቻላል፤ ግን በቀን ከ7 ሰዓት ያልበለጠ፣ የሌሊት ሥራ የሌለበትና ደመወዝ ያለው ሊሆን ይገባል።

የሹፌሩን ነገር በግልጽ ልናገር፤ እባክዎ ይህን አያድርጉት። ልጁ ለምን እንደወጣ አናውቅም። ከሚደበድብ ሰው ሸሽቶ ከሆነ ወደ ደብዳቢው መልሰው ያስረክቡታል። የሞተች እናቱን ጥሎ መጥቶ ከሆነ ማንም ወደሌለበት ይጥሉታል። በረሃብ የወጣ ከሆነም ረሃቡ እዚያው ይጠብቀዋል፤ ብዙ ሳይቆይ በሌላ አውቶቡስ ተመልሶ ቃሊቲ መናኸሪያ ይወርዳል፤ ያኔ ግን ወደ እርስዎ ደጃፍ አይመጣም። ለማያውቁት ሰው ልጅን አሳልፎ መስጠት ራሱ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ደግሞ እናት ነዎትና አልነግርዎትም።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ብዙ የወላይታ ልጆች አገራቸውን ስለማይወዱ አይደለም የማይመለሱት። በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ፣ በመስከረም፣ ከተማ የከረመ ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ለእናቱ ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ ለታናናሾቹ ከረሜላ ይዞ ይገባል። ዓመት ሙሉ የሚጠራቀመው ለዚያ ቀን ነው። ማስቲሽ የለመደ፣ ልብሱ የተቀዳደደ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ «ሂድ» ሲባል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመርጣል። ምናልባት ልጅዎ መሄድ የሚፈልግ፣ ግን ያፈረ ይሆናል። «ብትሄድ ምን ይዘህ መግባት ትፈልጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው ቤቱን አልጠላም ማለት ነው፤ ያ ደብተርም ዓላማ አገኘ ማለት ነው።

መመለስ ካለበት በሥርዓት ነው የሚመለሰው። በክፍለ ከተማዎ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ እንዲሁም በወረዳዎ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ በፖሊስ ጣቢያም የሕፃናት ጉዳይ የሚከታተል ክፍል ይጠይቁ። የአገር ልጅ የሆነ፣ ቋንቋውን የሚናገር ባለሙያ ቤተሰቡን በስልክ ወይም በቀበሌው በኩል ያፈላልጋል፤ ልጁ ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጋር ይነጋገራል፤ የቤቱ ሁኔታ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ሰው አጅቦት ይሄዳል፤ ከሄደ በኋላም ክትትል ይደረጋል። ትልቁ ሥራ እንዲያውም ከተመለሰ በኋላ ያለው ነው፤ ለእናቲቱ በግና ዶሮ መግዣ የሚሆን ጥቂት መነሻ፣ ለልጁ ደብተርና ዩኒፎርም ካልተገኘ መንገዱ ለአውቶቡስ ባለቤቶች ትርፍ ብቻ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ጎዳና ልጆች ለመንግሥታት ባወጣው ማብራሪያ ላይ አጥብቆ የያዘው ነገርም ይኸው ነው፤ ልጁ ይጠየቅ፣ ይሰማ፣ በግድ አይነሣ።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ መጀመሪያ ብቻዎን ይሂዱ። ልጆቹ «አፈሳ»ን ይፈራሉ፤ ሳያውቅ ባለሥልጣን ይዘውበት ከመጡ እርስዎም ከአፋሾቹ ይቆጠራሉ። ሊያናግሩለት መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት፤ ምን እንደሚሉ፣ ምን እንደማይሉ ከእርሱ ጋር ይስማሙ። ቢሮው በመጀመሪያው ቀን ላይመልስልዎ ይችላል፤ ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ጉዳዩ ብዙ ነው። ስማቸውን ይያዙ፤ ተመልሰው ይሂዱ። ከጎዳና ልጆች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶችን አድራሻም እነርሱ ዘንድ ያገኛሉ፤ ገላ መታጠቢያና ጊዜያዊ ማደሪያ ያላቸው አሉ። ለክረምቱ የምመክርዎ ይህንን ነው።

ቤትዎ ስለማስገባቱ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም በዓል ወሎ ሄደው፣ በድርቁ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው እንደተመለሱና ከዚያ በኋላ ቤታቸው በልጆች እንደሞላ ሁላችንም እናውቃለን። ትዳራቸውንና ንብረታቸውን ከፍለውበታል። ታላቅ ሴት ነበሩ። ግን ያን ዋጋ ከእያንዳንዷ ደግ ሴት መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም፤ ባለቤትዎም በቁጣ ይናገሩት እንጂ ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። ቤቱ የእርሳቸውም ነው፤ የሁለቱ ልጆችዎም ነው። ጎዳና ላይ የኖረ ልጅ ቤት ሲገባ ወዲያው አይረጋም። ምግብ ከፍራሽ ሥር ይደብቃል፤ ሌሊት ይባንናል፤ ጥያቄ ሲበዛበት ይዋሻል፤ በሩ ሲዘጋበት ይጨነቃል፤ ብዙ ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋና ይመለሳል። ይህን ሁሉ ችሎ «ና፣ ግባ» የሚል ቤት በሁለት ሰው ፈቃድ ብቻ ነው የሚቆመው። በአንደኛው እምቢታ ላይ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ጥፋት ይባረራል፤ ያ ደግሞ ካልገባ የከፋ ነው። ሕጉም አለ፤ የሌላ ሰው ልጅን ያለ ማንም ዕውቅና ቤት ማሳደር ለልጁም ለቤተሰብዎም ዋስትና አይሰጥም። ወደፊት ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ በአደራ ማሳደግ የሚባል በጽሕፈት ቤቱ በኩል የሚፈጸም መንገድ አለ፤ የወላጆቹ ጉዳይ ተጣርቶ ማለት ነው። እስከዚያ ባለቤትዎን አንድ ጠዋት ቁርስ ቤቱ ይጥሯቸው። አይከራከሯቸው። ልጁን ይዩት፤ ስሙን ይወቁት።

ትምህርቱን ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው። ልጁን «ማንበብ ትችላለህ?» ብለው ፊደል ቢያሳዩት ራሱን ይነቀንቅ ይሆናል። ይህ ማለት አልተማረም ማለት ላይሆን ይችላል። በወላይታ የታችኛው ክፍል ትምህርት የሚሰጠው በወላይትኛ፣ በላቲን ፊደል ነው። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ የወጣ ልጅ እዚህ «መሃይም» ተብሎ ይቆጠራል፤ እርሱም ያምናል። በላቲን ፊደል ስሙን እንዲጽፍ ይጠይቁት። ከጻፈ «አንተ እኮ ማንበብ ታውቃለህ፤ የቀረህ ሌላ ፊደል ብቻ ነው» ይበሉት። ከዚያ ሀ ሁ ብለው በዚያው ደብተር ጀርባ በቀን አንድ መስመር ያስጽፉት፤ ሴት ልጆችዎ ትምህርት በሌለበት ቀን ቁርስ ቤቱ ከመጡም ከእርስዎ የተሻሉ አስተማሪዎች ይሆኑታል።

ማደሪያው ሲስተካከልለት ደግሞ ትምህርት ቤት ከሚያስቡት በላይ ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ በነፃ ይመገባሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣቸዋል። ለጎዳና ልጅ ይህ ማለት በቀን ሁለት ጊዜ ሳይለምን የሚበላበት፣ ልብሱ ከሌላው ልጅ የማይለይበት ቦታ አለ ማለት ነው። የልደት ማስረጃ የለውም ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ፤ ያኔ የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ቀደም ብለው ይሂዱ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የነሐሴ ምዝገባ ሳያልፍ ወረቀቱ ቢጀመር ጥሩ ነው። ዕድሜው ከክፍሉ ከፍ ካለ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት እንዳለም ይጠይቁ።

አንድ ልመና አለኝ። ፎቶግራፍ አንሥተው ወይም ሌላ ሰው አስነሥተው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንዳያወጡት። «ሰው እንዲረዳው ነው» ይልዎታል የሚቀርጸው። የዛሬ አሥር ዓመት ሥራ ሲቀጠር፣ ሚስት ሲያገባ፣ ያ ምስል ይከተለዋል፤ ዛሬም ቢሆን የሚያሳድደው ሰው ካለ የት እንዳለ ያሳየዋል።

በመጨረሻ፣ ሁለቱ ልጆች። ስለ አንዱ ይህን ሁሉ ጽፈው ስለ እነርሱ «ትንሽ አስቸጋሪ ናቸው» ብቻ ብለዋል። የሚጠርግ፣ የሚታዘዝ፣ «እትዬ» የሚል ልጅ ረጂ አያጣም። የሚሻማው፣ የሚሳደበው፣ ዓይን አውጣ የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም በፊት የወጣና ከሁሉም በላይ የተመታ ነው። በልጅዎ ላይ ያደረጉት ነገር ሁሉ በእነርሱ ዓይን ፊት ነው የሚሆነው፤ አንዱ ብቻ በሳህን ቢበላ ማታ የሚቀጣው እርሱ ነው። ሦስቱም ይታጠቡ፣ ሦስቱም በሳህን ይብሉ፣ የሦስቱም ስም በደብተሩ ላይ ይኑር። ለሦስቱ ማብላት አቅምዎን ከፈተነው ከደንበኞችዎ መካከል «የአንድ ልጅ ቁርስ በእኔ ሒሳብ» የሚሉ አይጠፉም፤ ሹፌሩንም ለዚህ ይጠይቁት፤ ልቡ ደግ መሆኑን አሳይቷል። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱም የአንድ ልጅ ጉዳይ ይዘው አይሂዱ፤ የሦስት ልጆች ጉዳይ ይዘው ይሂዱ። ምን እንደመለሱልዎ ይጻፉልኝ፤ በሩ ከተዘጋብዎ ቀጥሎ የት እንደሚንኳኳ አብረን እናያለን።